ስለ መርከቧ ሞተር የተሰጠ አስተያየት

ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው በሙያው ዓይን ነው። ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መመላለስ አያስፈልግም፤ አንድ ሰኞ ጠዋት የተመልካቾች አስተያየት መቀበያ ስልክ አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። እኔ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ። የበለጠ የተማርኩት ከስልኩ ነው።

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ድርሰት ለመጻፍ ነበር። "ለጊዜው እዚህ ሁኚ" ተባልኩ። ለጊዜው የተባለው ያኔ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ክፍሌ ዕቃ ቤት ነበር፤ አሁንም ግማሹ ዕቃ ቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ የማይከፈት መስኮት፣ ከኋላዬ እስከ ጣሪያ የተደራረቡ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች። ፊት ለፊቴ የቅጽ ክምር ነበር። ቅጹ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ ምስጋና፣ ወቀሳ፣ ሌላ። ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቅጾቹን ሰብስቤ ለአለቃዬ አስረክብ ነበር። አለቃዬን ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባዋ "ስቴፕለር" ይላታል፤ እጇ የገባ ወረቀት ከሌላ ወረቀት ጋር ሳይጋባ አይወጣም።

የዚያን ሰኞ ስልኩ ሲጮህ የዋለው ቅዳሜ አመሻሽ በተላለፈው የ"ባለ ጅራቷ መርከብ" ሦስተኛ ክፍል ምክንያት ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ሦስት ፀሐይ ያላት ዓለም ንግሥት ዙፋኗን በጠንቋይ ትነጠቅና ከአንድ መሪ ጨባጭና ከአንድ ነጭናጫ ሐኪም ጋር ትሸሻለች። በሦስተኛው ክፍል ሰባት መቶ ዓመት አሸዋ ውስጥ ተቀብራ የኖረች መርከብ አግኝተው ያስነሷታል። ለአራት ደቂቃ ማንም አይናገርም። የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው፤ አሸዋው ይንቀጠቀጣል፣ መርከቧ ትነሳለች፣ ጅራቷ ይበራል። እውነት ለመናገር ደህና ነገር ነው። እኔ ብጽፈው ግን ሐኪሙ አንድ ቃል ይናገር ነበር።

የመጀመሪያው ደዋይ ታክሲ ነጂ ነበር። "ያ መሪ ጨባጭ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው የት ነው? በሁለት ኮከብ መሃል ሲታጠፍ ፍሬቻ አላሳየም። ልጆች ያዩታል እኮ!" ወቀሳ።

ቀጥላ ልብስ ሰፊ ደወለች። "መርከቧ ውስጥ የተገኘው ካባ ሰባት መቶ ዓመት ተቀብሮ ጠርዙ እንኳ አልተተረተረም። ክሩን ከየት ነው የገዛችሁት? የምሬን ነው፣ አድራሻውን ስጪኝ።" ሌላ።

አንዲት የጥርስ ሐኪም መርከቧን የሚጠብቀው አውሬ በእነዚያ ጥርሶች አፉን መግጠም እንደማይችል፣ ካልገጠመ እንደማያኝክ፣ ካላኘከም እንዲያ ሊወፍር እንደማይችል በጥሞና አስረዳችኝ። አንድ አስተማሪ፣ ፀሐዩ ሦስት ሆኖ ሳለ የንግሥቲቱ ጥላ ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ተማሪዎቹ ጠዋት ጠይቀውት መልስ ማጣቱን በምሬት ነገረኝ። አንዲት እናት ደግሞ፣ "ንግሥቲቱና መሪ ጨባጩ ምን ይጠብቃሉ? የቤት ችግር የለባቸው፣ መርከብ አላቸው። ምን ቀራቸው?" አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ ስላልገባኝ ሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁ።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት ደወሉ።

"ሃሎ። የመርከቧን ነገር የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ?"

"አዎ አባባ። ምስጋና ነው ወቀሳ?"

"ማስጠንቀቂያ ነው።"

ማስጠንቀቂያ የሚል ዓምድ የለኝም። እስክሪብቶዬን "ሌላ" ላይ አሳረፍኩ።

"ሞተሯ ታማለች" አሉ። "በግራ በኩል የላይኛው ሮለር፣ ኩሽኔታው ተሰንጥቋል። ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት፣ እሱ ነው ኩሽኔታ ማለት። በየአራተኛው ዙር 'ቋ' ይላል። አልሰማሽውም?"

"አልሰማሁም።"

"እንዴት ብለሽ ትሰሚያለሽ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው የንግሥቲቱን ፀጉር ነው። እንዲህ ሆና ከሄደች ዘንጉንም ይዞ ይሰበራል። ንገሪያቸው፣ አያስነሷት።"

"አባባ፣ መርከቧ እኮ የእውነት አይደለችም።"

"እሱንማ አውቃለሁ! ምን አደረግኩሽና ነው ሞኝ የምታደርጊኝ?"

ከበስተኋላቸው የሴት ድምፅ መጣ። "ለልጅቷ ደውልላት! የሰው ልጅ ከምታደርቅ ለገዛ ልጅህ ደውልላት!"

"ምያለሁ አልኩሽ እኮ!" ብለው ጮኹና ወደ እኔ ተመለሱ። "ጻፍሽው?"

"ጽፌዋለሁ" ብዬ ዘጋሁ። የጻፍኩት "አንድ አዛውንት፤ ሞተሩ ብልሽት አለበት ይላሉ" የሚል ነው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሰው ደወሉ። "የጻፍሽውን አንብቢልኝ እስቲ።" አነበብኩላቸው። "ኩሽኔታ የሚለው የታለ? ግራ የሚለው የታለ? አራተኛ ዙር የሚለውን ዋጥሽው?" እንደ ፊደል ተማሪ ከላይ እስከ ታች አጻፉኝ። ቅጹ ቁጥር እንዳለው ጠየቁኝ። አርባ አንድ ነው አልኳቸው። "አርባ አንድ፣ አርባ አንድ" ሲሉ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ ሲጫር ተሰማኝ።

ከምሳ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ትዕግሥቴ አለቀ። ድሮም ብዙ የለኝም።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌላ ሰው ይጠብቃል። አንድ የሌለ መርከብ ቢሰበር እርስዎን ምን ቸገረዎት?"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

ማሽኒስት ነበሩ። የራሳቸው ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱት አንድ የማተሚያ ማሽን ነው፤ ስሟ "አሮጊቷ" ነው። ሲደክማቸው ቤቱንም አሮጊቷንም ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ማስረከቡን አስረከቡ እንጂ አልወጡም።

"ወንበር ይዤ እየሄድኩ ጎኗ እቀመጣለሁ" አሉኝ። "ቀለሙ በዛ እላለሁ፣ ወረቀቱ ጠመመ እላለሁ። ደግሞም ጠሞ ነበር! አንድ ቀን ደንበኛ ፊት 'አባዬ፣ ወይ አንተ ወይ እኔ' አለችኝ። እልህ ያዘኝ። 'እናትሽ ትሙት፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚች ማሽን ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም' ብዬ ማልኩ።"

"በእኔ ነው የማለው!" አሉ ሚስታቸው ከኋላ። "በራሱ አይምልም፣ እኔን ነው የሚገድለኝ! እኔ አልሞትም፣ ደውልላት!"

"አንቺ ባትሞቺም ቃሌ ቃል ነው!" አሏቸው። ቀጥለው ለእኔ፣ "ስምንት ወር ሆነኝ። እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ምሳ እንበላለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለ አሮጊቷ ግን ትንፍሽ አልልም፣ እሷም አትጠይቀኝም። ቅዳሜ ማታ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ያቺን መርከብ ስታስነሱ ዘልዬ ተነሳሁ። አሮጊቷ ናት! ቀስ አድርጋችኋታል እንጂ ራሷ ናት። ያ 'ቋ' የሚለው ደግሞ እኔ እያለሁ አልነበረም።"

"እና ለልጅዎ እንዳይነግሩ ምለዋል።"

"ስለ ማሽኗ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፣ ልብ በዪ። እኔ ተመልካች ነኝ። ስለ አንድ መርከብ አስተያየት እየሰጠሁ ነው።"

ሳቄ መጣ። ለተንኮል እጅ መንሳት እወዳለሁ።

"ኩሽኔታው ቢሰበር ምን ይሆናል?"

"ኩሽኔታ ይገኛል። ዘንጉን ይዞት ከሄደ ግን አለቀ። ያን ዘንግ የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። አሮጊቷ ያኔ ቁርጥራጭ ብረት ናት። ልጄ ደግሞ ከእሷ ሌላ ማሽን የላትም። መቼ ነው የቀዳችኋት?"

"ጠይቄ እነግርዎታለሁ" አልኩ፤ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ዘጋሁና፣ እጀታውን ከማስቀመጫው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወረድኩ። ቢያዝ ይያዝ።

የድምፅ ባለሙያችን ምድር ቤት ነው የሚሠራው። ማዳመጫ ከራሱ ስለማይወርድ "ጆሮ" ነው የምንለው። ስደርስ በብስክሌት መንፊያ የአውሬውን ትንፋሽ እየቀዳ ነበር።

"ጆሮ፣ የመርከቧ ሞተር ምንድን ነው?"

ደረቱ ተነፋ። "በፍጹም አታውቂውም። ገምቺ።"

"የማተሚያ ማሽን።"

ፊቱ ወደቀ። "ማን ነገረሽ?"

"ተመልካች።"

"ተመልካች! እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ..." መንፊያውን አስቀመጠ። "ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የቀዳሁት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች ማተሚያ ቤት ናት። ባለቤቷ ቀና ሴት ናት፣ 'እንደፈለግህ ቅዳ' አለችኝ። ፍጥነቱን በሦስት እጅ ቀነስኩት፣ ከዚያ..."

"አሰማኝ።"

አሰማኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቋ። ከነገሩኝ በኋላ ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

"ይኼ 'ቋ' የሚለው ምንድን ነው?"

"እሱማ የኔ ግኝት ነው!" አለ ጆሮ። "ማሽኑ ቦታ ላይ እያለሁ አልተሰማኝም፣ ስቀንሰው ነው ብቅ ያለው። የልብ ምት መሰለኝ። ስለወደድኩት ድምፁን ከፍ አደረግኩት።"

የቁጥር አርባ አንድን ቅጽ ሰጠሁት። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ የሞተር ብስክሌቱን ቁልፍ ፈለገ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ሪፖርቴ አልተጠናቀቀም፤ ስቴፕለር መዘግየት አትወድም። ቢሆንም ኮርቻው ላይ ተፈናጠጥኩ።

ማተሚያ ቤቷ ከሁለት ጋራዥ መሃል የተሸጎጠች አንድ ረጅም ክፍል ናት። በር ላይ ወረቀት በጥቅል፣ ግድግዳው ላይ ካለፉት ዓመታት የቀሩ የቀን መቁጠሪያዎች፣ ወለሉ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተረገጠ ቀለም። አሮጊቷ መሃል ላይ ቆማ የደብተር ሽፋን ትተፋለች፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ዝሆን ጀርባ። የማሽኒስቱ ልጅ አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ የሆነ ሴት ናት። ጆሮዋ ላይ ትልልቅ የድምፅ መከላከያ አድርጋለች። ጮኼ ጮኼ ሲያቅተኝ ቅጹን ዓይኗ ፊት ዘረጋሁት። አንዱን መከላከያ አነሳች።

"ደግሞ ምንድን ነው? ቀድታችሁ ጨርሳችሁ አልነበረም?"

"የተመልካች አስተያየት ይዘን ነው" አልኩ።

አነበበች። "በየአራተኛው ዙር" የሚለው ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

"አባቴ ነው አይደል?"

"ስማቸውን አልሰጡም።" እውነቴን ነው፤ ቅጹ ላይ የስም ቦታ የለም።

"አባቴ ነው! ኩሽኔታን ለማያውቅ ሰው ካላስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚች ማሽን ላይናገር ምሎልኝ አልነበር?"

"ስለ ማሽን የተናገሩት ነገር የለም። የተናገሩት ስለ መርከብ ነው።"

ጆሮ ዞር ብሎ አሳለ። ሴትየዋ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን እልኋ ገና አልበረደም። "ባለፈው ወር ግሪስ ቀብቻታለሁ። ቀኑን ሙሉ ጎኗ ነው የምውለው። ሶፋ ላይ ተጋድሞ እኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ ይበል?"

"መከላከያውን አውልቀው ይሄንን ያድርጉት" አለ ጆሮ የራሱን ማዳመጫ ከራሱ አውርዶ። ማዳመጫውን ሲያወርድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጆሮ አለው ለካ፣ ያውም ትንንሽ።

አደረገችው፤ ጆሮ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው መቅጃ አዘግይቶ የቀዳውን ለቀቀላት። ጣቷ የማሽኑ ጠርዝ ላይ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጣቷ ቆመ። ደግማ ቆጠረች። ጣቷ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ማዳመጫውን ሳታወልቅ፣ ገመዱ ጆሮን በአንገቱ እየጎተተው፣ ሄዳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

አሮጊቷ እያቃሰተች ቆመች። ሴትየዋ በግራ በኩል ያለውን ሽፋን ፈታች፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታች ለእኔ አቀበለችኝ፤ ቀሚሴ የዚያን ቀን ተሰናበተኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ታግላ ቀለበቱን አወጣችውና በጨርቅ ጠርጋ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለበት። ገልበጥ ስታደርገው ስንጥቁ ጥርስ አወጣ።

"ዘንጉስ?" አልኩ።

ዘንጉን በባትሪ መረመረችው፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ጊዜ ወሰደች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ስለ አንድ ብረት ትንፋሼን እይዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ምንም አልሆነም" አለች። "ሦስት ቀን ብትቆዩ ግን..." የወረቀት ጥቅል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች። ሰማያዊ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። "ከሶፋው ላይ! እግሩን ሰቅሎ! አሁን በዚህ ስንት ዓመት ነው የሚኮራብኝ?"

"ምላሽ መስጠት ይችላሉ" አልኳት። "የቅጹ ጀርባ ባዶ ነው።"

እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝ። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። ቁጥራቸው እጄ ላይ ነበር፤ በሞባይሌ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ከተመልካቾች አስተያየት ክፍል ነው" አልኩ። "ለአስተያየት ቁጥር አርባ አንድ ምላሽ ተሰጥቷል። ላንብብልዎት?"

"አንብቢ።" ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

"'ለተከበሩ ተመልካች። አስተያየትዎ ደርሶናል፣ ትክክል ሆኖም ተገኝቷል። የመርከቧ ሞተር ተከፍቷል፣ ዘንጉ ደህና ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ለመግጠም ግን ካፒቴኗ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት። ዘንጉን ቀና አድርጎ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ቢችሉ ዛሬውኑ ይምጡ። ወንበር ይዘው እንዳይመጡ።'"

ሚስታቸው ከኋላ፣ "ምን አሉህ? ምን አሉህ?" ይላሉ።

"ዘንጉ ደህና ነው አሉ" አሏቸው ማሽኒስቱ። "ቱታዬ የት ነው ያለው?"

"አጥቤ ተኩሼ ከሰቀልኩት ስምንት ወሩ ነው! እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት!"

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ ቡሎን መቁጠር ጀመረች። ቡሎኖቹ ስምንት ናቸው፤ ለመቁጠር ያን ያህል ጊዜ አይፈጁም። እኔና ጆሮ ወጣን።

ስቴፕለር ቢሮ የደረስኩት አሥር ሰዓት ከአርባ ነው። ሰዓቷን አየች፣ ቀሚሴን አየች፣ ቅጾቹን አገላበጠች። አርባ አንደኛው ላይ ቆመች።

"ይኼ የቀለም አሻራ የማን ነው?"

"የካፒቴኗ" አልኩ፤ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አገጯን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቅጹን ለብቻው አስቀመጠችው። ከምንም ጋር አልሰፋችውም። "የነገርሽኝን እንዲሁ ጽፈሽ ለደራሲዎቹ ክፍል ውሰጂላቸው" አለች። "መርከቧ በአምስተኛው ክፍል ትበላሽ።" እኔም ጻፍኩ። ሐኪሙን አናገርኩት።

ጆሮ የተጠገነችውን አሮጊት ሄዶ እንደገና ቀዳ፤ ለስድስተኛው ክፍል እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሞተር አቀረበ። ሰኞ ስልኩ ሊፈነዳ ደረሰ። ሠላሳ ሰባት ሰው፣ "የመርከቧ ልብ ምት የት ሄደ?" ብሎ ደወለ። ታክሲ ነጂው ሳይቀር ተቆጣ። ጆሮ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ የድሮውን "ቋ" መልሶ አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የማነሳው፤ በደራሲዎቹ ክፍል የራሴ ወንበር አለኝ። ባለፈው ሰኞ ግን አዲሷ ልጅ ምሳ ወጥታ ስለነበር አነሳሁት።

"ሃሎ፣ አስተያየት አለኝ" አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ አሮጊቷ ትሠራለች።

"ስለ መርከቧ?"

"ስለ አንድ ተመልካች። ወንበር ይዞ መጥቷል።"

"ወንበር አይደለም፣ በርጩማ ነው!" የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። "ቀለሙ በዝቷል በያት!"

"የት ላይ ልጻፍልዎት?" አልኩ። "ምስጋና፣ ወቀሳ፣ ሌላ።"

ትንሽ አሰበች። በዚያ መሃል ሳላስበው የማሽኑን ዙር ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ምንም የለም።

"ምስጋና ላይ" አለች በሹክሹክታ።

"ምን አልሻት? ምን ብለሽ አስጻፍሽ?" አሉ አባቷ ቀረብ ብለው።

"ወቀሳ ነው አባዬ" አለች ጮክ ብላ፣ "ወቀሳ!"